አሥር ፍሬ ገብስ

«እርስዎ ይጹሙ፣ ቄስ ወልዴ! ከፈለጉ እስከ ነገ ማታ ይጹሙ። ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ገና ክርስትና አልተነሣም፤ እሱ በምን ሕግ ነው የሚጾመው?»

«እመት ድንቄ፣ እኔ መቼ ጹሚ አልኳት? ለእርጉዝ ሥርዓቱ ይቀላል ብዬ በዚህ አፌ ነግሬያታለሁ። እሷን ይጠይቋት።»

«ጠየቅኋት። ጠይቄያት ሳበቃ ዞራ እርስዎን አየች።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። እሱን እኮ ነው የምልዎ። ምንም አላደረጉም።»

ቄስ ወልዴ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰው ሲቆጣቸው አንገታቸውን ደፍተው ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ነበሩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ቦታው አንኮበር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራችው የእሳቸው ቤት። ሚስታቸው ትርንጎ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ስለ እሷ የሚደረገውን ክርክር እንደ ጎረቤት ጉዳይ ታዳምጣለች። ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳያለቅሱ ተወልደዋል። እመት ድንቄ አዋላጅ ናቸው፤ እኔ ረዳታቸው ነኝ። በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። በር የእኔ ሥራ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እናገራለሁ።

«ስለት አለብኝ» አለች ትርንጎ በመጨረሻ። «ይህን በሕይወት ከሰጠኸኝ ሁዳዴን በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሃለሁ ብያለሁ። ግማሹን ጾሜ ባፈርሰው በምን ፊቴ እለምነዋለሁ?»

እመት ድንቄ ተነሡ። ከዚያ ጥግ ላይ ከነበረው ቁና አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው ቀሚሷ ላይ አፈሰሱላት። ባዶ ቅልም ፈልገው አጠገቧ አስቀመጡ።

«እንግዲያው ልጁን ራሱን እንጠይቀው። ፀሐይ ስትወጣ በግራ ጎንሽ ትጋደሚያለሽ። በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዲት ፍሬ ቅሉ ውስጥ ትጥያለሽ። እስከ ቀትር አሥር ከሞላ ጹሚ፤ እኔም አፌን እይዛለሁ። አሥር ካልሞላ ግን ያን ቀን ትበያለሽ፤ የስለቱን ዕዳ እኔ እሸከማለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

«ቆጣሪዋ አስካለ ናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ። አስካለ እኔ ነኝ።

ከዚያ ሥራ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ብራና ፋቂ ነኝ። የፍየል ቆዳ ወጥሬ እፍቃለሁ፣ አለሰልሳለሁ፣ ጠርዙ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ለራሴ አስቀርቼ እጽፍበታለሁ። ይህንንም የምጽፈው በዚያው ቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ገጽ ጠባብ፣ ሌላው ሰያፍ ቢሆን አንባቢ ይታገሠኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት የሥራ ዘመኗን ስትጽፍ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን በሰው ሆድ ላይ አድርጌ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ኑሮ የጻፈ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ፊደል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ለተማሪዎቹ ሲያስቆጥር እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፣ የጣላቸውን የተበላሹ ገጾች ለቅሜ ዓይኔን አስተማርኩ። ግጥም ደግሞ ከዚያ ወዲያ መጣብኝ፤ እንደ ቁንጫ አላስቀምጥ አለኝ። ባል አግብቼ በዓመቴ ተመለስኩ። አንድ ቀን እመት ድንቄ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን መጽሐፍ ለማጻፍ ቤታችን መጡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተወጠረ ቆዳ በጣቴ እየዳበስኩ የሳሳውን ቦታ ስፈልግ አዩኝ።

«ይህን እጅ ለሞተ ፍየል ታባክኑታላችሁ?» አሉ አባቴን።

«ሌላ ምን ይሠራል?» አለ አባቴ።

«ነፍስ ያለው ይዳስሳላ!»

በማግስቱ ተከትያቸው ወጣሁ።

የእመት ድንቄ ሙያ ማዋለድ ብቻ አልነበረም። ማዋለድ የሚችል በየሰፈሩ አለ። እሳቸው የሚጠሩት ምጥ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ ወሯ የገባ ሴት «ልጄ ዝም አለብኝ» ስትል። ሥራቸው ልጁ ደህና መሆኑንና አለመሆኑን መለየት ነው። ደህና ካልሆነ ምጡን ራሳቸው ያመጡታል፤ የሚያውቁት ቅጠል አለ፣ ከዚያ ሴትዮዋን ዳገት ቁልቁለት ያስሄዷታል። በዚህ መንገድ ወጥተው ሲያለቅሱ የሰማኋቸው ሁለት ልጆች አሉ። ዛሬ ጥጃ ይጠብቃሉ። ሁለቱም አንድ ቀን ዘግይተን ቢሆን ኖሮ አይኖሩም ነበር።

ልማዳቸውን እንዳየሁት ልጻፈው። ወደ እርጉዝ ቤት ሲገቡ ቀለበታቸውን ያወልቃሉ። እጃቸውን በብብታቸው ያሞቃሉ፤ «ቀዝቃዛ እጅ ውሸታም ያደርጋል፤ ሆዱ ይሸማቀቅና የሌለውን ያሳይሻል» ይሉ ነበር። ቀኝ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍኑና ግራውን ነጠላ ሳይጋርዱ ሆዷ ላይ ያሳርፋሉ። በዚያን ጊዜ የሴትዮዋን እጅ አንጓዋ ላይ ይይዛሉ። የሚሰሙት ምት ከእጇ ምት ጋር አብሮ ከሄደ የሰሙት እናቲቱን ነው፤ ከእጇ ቀድሞ እየፈጠነ ከሄደ ልጁን አግኝተውታል። ደህና ልጅ ሲመታ በጨርቅ ውስጥ የታፈነ የሸማኔ መወርወሪያ ይመስላል፤ ሳያቋርጥ ወዲህ ወዲያ። የደከመ ልጅ ግን እየራቀ ይሄዳል፤ ሸማኔው ቤቱን ዘግቶ እንደሚሠራ ያህል። ይህን መለየት ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እሳቸው ከሰሙ በኋላ እኔ እሰማለሁ፤ ከዚያ «ምን ሰማሽ?» ይሉኛል። ያልሰማሁትን ሰማሁ ያልኩ ቀን ለሦስት ቀን አላነጋገሩኝም።

«የሰማሽውን ንገሪኝ፤ ያልሰማሽውንም አልሰማሁም በዪኝ» አሉኝ በአራተኛው ቀን። «እኔ አንድ ጆሮ ነኝ። ሁለተኛው አንቺ ነሽ።»

ለድካማችን አንድ ቁና ጤፍ ወይም አንድ አሞሌ ጨው ይሰጠን ነበር። ስለ ክፍያ ከዚህ የሚበልጥ የምጽፈው የለኝም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ አንኮበር ሰው ሳስቶባት ነበርና እኛም ሥራ ፍለጋ መውጣት መውረድ ጀመርን። ደብረ ብርሃን አንዲት ወይዘሮ ዘንድ ሁለት ወር ተቀመጥን። ወይዘሮዋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ወንድ ነው?»

«እሱን እግዜር ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ነቅቶ እንደሆነና ተኝቶ እንደሆነ ነው» ይላሉ እመት ድንቄ።

«ታዲያ ለምን አስጠራኋችሁ?»

አንድ ቀን እመት ድንቄ የወይዘሮዋን ሆድ ይዘው ሳለ የደብረ ብርሃን ነፋስ በሩን አላተመው። ወይዘሮዋ ጮኹ፤ እመት ድንቄ ግን ዓይናቸው በራ። «ዘለለ!» አሉ። «በሩ ሲመታ በእጄ ሥር ዘለለ! አስካለ፣ እስቲ ድገሚው።»

«ማንን ልታሳብዱ ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እርስዎ አሁን ያውቁታል፤ አይደነግጡም። እሱ ግን አያውቅም። ምቺው አልኩሽ!»

መታሁት። እንደገና ዘለለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር መሣሪያችን ሆነ። ጥርጣሬ ያለበት ሆድ ሲገጥመን እመት ድንቄ እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፣ እኔ ሳንቃውን በኃይል እገፋለሁ። ዘልሎ ከነቃ ደህና ነው። ካልዘለለ ወደ ቅጠሉ እንሄዳለን። በየሄድንበት ሰው ስሜን ረስቶ «በር መቺዋ» ይለኝ ጀመር። ስድብ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ነገር የተማርነው ቆላ፣ አሊዩ አምባ ነው። ሐሊማ የምትባል የነጋዴ ሚስት ልጇ ሁለት ቀን ዝም ብሎባት አስጠራችን። ወሩ ረመዳን ነበር። እመት ድንቄ ገና ከደጅ ሳሉ ጀመሩ።

«ጾመሽ ነዋ! ባዶ ሆድ ውስጥ ምን ብሎ ይጫወት?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔስ ትቼዋለሁ!» አለች ሐሊማ እየሳቀች። «አላህ ለእርጉዝ አቅልሎላታል። ቀዷ አለብኝ፤ የተውኩትን ቀን ሁሉ ከወለድኩ በኋላ እጾመዋለሁ። አሁን ግን ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ እህል አስጠልቶኝ ነው።»

ልባም ሴት ነበረች። እመት ድንቄ ባሏ ከባሕር ዳርቻ ካመጣው ተምር ሦስት አበሏት፤ በግራ ጎኗ አስተኝተዋት ጠበቅን። ብዙም አልቆየ፤ ልጁ ነቃ። ሆዷ ላይ የጣልነው ነጠላ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይራገጥ ጀመር። ሐሊማ ማንም ሳያዛት በተራገጠ ቁጥር አንድ የተምር ፍሬ ከሰሃኑ እያነሣች ምንጣፉ ላይ ደረደረች።

«ይኸው አሥር ምስክር» አለች። «ወላሂ፣ አባቱ እንኳ እንዲህ አይጨቀጭቀኝም!»

ፍሬ መቁጠር ከዚያ መጣ። እመት ድንቄ ወደ ደጋ ሲመለሱ ተምሩን በገብስ ተኩት። እኔ ደግሞ ከአሊዩ አምባ ሌላ ነገር ይዤ ወጣሁ፤ ዝም ያለ ልጅ እናቱ ስትበላ ይነቃል የሚል እምነት። ትክክል ነበር፤ ለሐሊማ ልጅ።

አሁን ወደ ትርንጎ ልመለስ።

ስምምነቱ በተደረገ ማግስት እመት ድንቄ ለሌላ ወላድ ወደ ቆላ ወረዱ፤ እኔ በየቀኑ በቀትር እየሄድኩ ቅሉን እንድቆጥር ቀረሁ። ሰኞ አሥራ ሰባት ነበር። ማክሰኞ አሥራ አራት። ረቡዕ አሥራ ሁለት። እየቀነሰ መሄዱን አየሁ፤ ሆኖም ከአሥር በላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወደዚያ ቤት የምሄደው ለቅሉ ብቻ አልነበረም። ትርንጎ ግጥሜን የምታዳምጥ የመጀመሪያ ሰው ነበረች። አባቴ «የሴት ግጥም ለለቅሶ ነው» ይል ነበር፤ እመት ድንቄ ሳነብላቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ትርንጎ ግን ትጠይቀኛለች፣ ትከራከረኛለች፣ ይህ ቃል አይመጥንም ትለኛለች። ረቡዕ ለእሷ የሚሆን አንድ ግጥም ጀምሬ ነበር፤ ሐሙስ ጨርሼው በቁራጭ ብራና ይዤላት ሄድኩ።

ቅሉን በመዳፌ ላይ ገለበጥኩት። በሌሎቹ ቀናት ፍሬዎቹ እየተንከባለሉ አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር፤ ደረቅ ነበሩ። የሐሙሱ ግን ባንድ ላይ ጠብ አለ። አሥሩም ፍሬ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ወዝቶ፣ ለብ ብሎ ነበር። አንድ በአንድ የተጣለ ገብስ እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው በላበው ጭብጥ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ባንዴ የተጣለ ነው።

ቀና ስል ትርንጎ እያየችኝ ነበር።

«ሞላ፣ አይደል?» አለች።

ዓይኗ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ልመና ነው ብል ይጎድላል። ከንፈሯ በጾም ተሰነጣጥቋል። የስለቷን ግማሽ ተጉዛለች።

«ሞልቷል» አልኩ።

«ሲርበኝ እሱም ይደክመዋል መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ጠዋት ስበላ ይነሣል።» ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴም ጠዋት ይበላል።

የሐሊማ ልጅ ትዝ አለኝ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ በሦስት ተምር የነቃው። እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። እስከ ቅዳሜ ምን አለው አልኩ።

«ይልቅ የያዝሽውን አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩላት፦

ጨረቃ ሁለት ናት፤ አንዷ ትታያለች፣
ሁለተኛዋ ግን በጆሮ ትሰማለች።

ትርንጎ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደስታ አሳበደኝ። ስለ መስማት ግጥም ጽፌ፣ ለግጥሜ ተመስግኜ፣ ጆሮዬን ሆዷ ላይ ሳላሳርፍ ከዚያ ቤት ወጣሁ። ያን ግጥም ከዚያ ወዲህ ለማንም አላነበብኩም። እዚህ የጻፍኩት ያፈርኩበትን እንዳልደብቅ ብዬ ነው።

ዓርብም አሥር ነበር። ዓርብም ተጣብቆ ነበር። የማይጨምር የማይቀንስ አሥር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እመት ድንቄ ከቆላ ደረሱ። ወገባቸውን ይዘው ዳገቱን ወጥተው፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ «ትርንጎስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት።»

«ፍሬው?»

«አሥር። ትናንትም አሥር።»

አብረን ሄድን። ቀለበታቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን አሞቁ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ደፈኑ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ጋ ቆምኩ። ጆሯቸውን ሆዷ ላይ አሳርፈው እጇን ያዙ። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ቆዩ። ተነሥተው ጥጡን አውጥተው በሌላ ጥጥ ቀየሩና እንደገና አሳረፉ።

«ራቀብኝ» አሉ ቀና ሲሉ።

ትርንጎ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ምኑ?» አልኩ እኔ፣ እንዳልገባኝ ሆኜ።

«ምቱ። ዘገየብኝ፤ ራቀብኝ። ለጆሮዬ ቢተው ኖሮ ዛሬውኑ ቅጠሉን አፍልቼ ምጡን አመጣባት ነበር።» ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው አርገበገቡት። «ግን አሥር ፍሬ የሚጥል ልጅ እንዲህ ሊርቅ አይችልም። ጆሮዬ ነው እንጂ። አረጀሁ፣ አስካለ። ቆላ ላይም አንዱን ልጅ ለማግኘት ሁለቴ ማዳመጥ ነበረብኝ።»

በር የሚመታው ቁጥሩ ሲጎድል ብቻ ነበር። አሥር የሞላለትን ልጅ ማስደንገጥ አያስፈልግም የምንለው ነገር ነበረን። እጄ ግን ሳንቃው ላይ ነበር። መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ መግፋት ብቻ። በሩን ብመታው፣ የእመት ድንቄ እጅ ገና ሆዷ ላይ ነበርና፣ የሚሆነውን ራሳቸው ያውቁት ነበር። ትርንጎን ሳላሳጣት፣ ግጥሜን የምትሰማኝን ሰው ሳላጣ፣ ነፋስ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር።

እጄን ከሳንቃው ላይ አነሣሁ።

«ነገ ጠዋት በደንብ ብዪ» አሏት እመት ድንቄ ቀለበታቸውን እያጠለቁ። «ማርም በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ። ከዚያ ልኪብን።»

ቅዳሜ ጠዋት በላች። ማር ጠጣች። በግራ ጎኗ ተኝታ ጠበቀች። ፀሐይ ከቤቷ ጣራ በላይ ከመድረሷ በፊት ቄስ ወልዴ ራሳቸው፣ ያለ ነጠላ፣ እየሮጡ መጡ። ስንደርስ እመት ድንቄ ገና ቀለበታቸውን ሳያወልቁ ወደ እኔ ዞረው «ምቺው!» አሉ። መታሁት። «ድገሚ!» ደገምኩ። ሦስተኛውን ማንም ሳያዘኝ መታሁት። አራተኛውን ስመታ ቄስ ወልዴ እጄን ያዙኝ።

«በቃ ልጄ» አሉኝ። «በቃ።»

እሑድ ምጡ በራሱ መጣ። ወንድ ልጅ ነበር፤ ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ ጥፍሩ እንኳ ያደገ። ክርስትና ያልተነሣ ነውና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበሩት። ትርንጎ አላለቀሰችም። እኔ ውኃ ላጠጣት ስጠጋ ክንዴን ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችኝ።

«ለቄሱ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ።

«አልነግርም» አልኩ።

በሳምንቱ እመት ድንቄ ጥጣቸውን፣ ቅጠላቸውን፣ ሁሉንም በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ለመንኳቸው። እንቢ አሉ።

«ራቀብኝ ስል ልጁ ይሁን ጆሮዬ መለየት አልቻልኩም» አሉ። «ፍሬው አሥር ነበር፤ ልጁ ደህና ነበር ማለት ነው፤ እንግዲህ የደከመው የእኔ ጆሮ ነው። አንድ ቀን ቆይቶም ሞተ፤ ምን እንደመጣበት እንኳ አልሰማሁም። የደከመ ልጅንና የደከመ ጆሮን የማትለይ ሴት የሰው ሆድ መንካት የለባትም።»

ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ቃል ገብቻለሁ አልኩ ለራሴ። እኔም ያለ እሳቸው መሥራት አልሆነልኝም። አባቴ ሲሞት መፋቂያውን ይዤ ደብረ ብርሃን መጣሁ።

ባለፈው በጋ ቆዳ ልገዛ እነዋሪ ገበያ ወረድኩ። እህል ተራው ላይ፣ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ያዘለች ሴት ገብስ ስትሰፍር አየሁ። ትርንጎ ነበረች። ቄስ ወልዴ ወደዚያ አገር ደብር ተዛውረዋል። ልጅቷን በዚህኛው ጊዜ በልታ፣ ጠጥታ፣ ስለት ሳትሳል እንደወለደቻት ነገረችኝ። ብዙ ተጫወትን። ልሄድ ስነሣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እመት ድንቄ ምን አሉሽ ስትነግሪያቸው?»

«አልነገርኳቸውም። አትንገሪ ብለሽኝ የለ?»

መስፈሪያውን ገብሱ ላይ አስቀመጠችው።

«ለቄሱ አትንገሪ ነው ያልኩሽ» አለች። «ለእሳቸው በማግስቱ የነገርሻቸው ነበር የመሰለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አውቀው ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ስመርቃቸው ኖርኩ።»

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ከዚያ ገበያ የተመለስኩ ዕለት ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ስጨርስ ወደ አንኮበር ላክሁ፤ እመት ድንቄ ዘመድ ሊጠይቁ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ከሆነ ቤቴ እንዲያልፉ። መጡ። እርጅና አሳጥሯቸዋል። እንዝርታቸውን ከወገባቸው አውጥተው እየፈተሉ ብራናዎቼን አዩ፤ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይህኛው ሳስቷል» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ ከቅሉ ጀምሬ።

«ተጣብቆ ነበር የወደቀው» አልኩ። «በላብ። አሥሩም ባንድ ላይ።»

እንዝርቱ ቆመ።

«መቼ?»

«ሐሙስ። ዓርብም።»

«ዓርብ እኔ ስሰማ አንቺ የት ነበርሽ?»

«በሩ ጋ።»

ከክሩ ላይ አንድ ጉድፍ ለቀሙ። ሳይቸኩሉ አነሡት፤ መሬት ላይ ጣሉት።

«ጆሮዬ ደህና ነበር በዪኛ።»

«ደህና ነበር።»

«ራቀ ስል ርቆ ነበር።»

«አዎ።»

«አምና የጎረቤቴ ልጅ ደጄ ላይ መጥታ ቆመች» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእንዝርቱ እንደሚነግሩ ሁሉ። «ዝም አለብኝ፣ እማማ፣ እስቲ ይስሙልኝ አለችኝ። ጆሮዬ አይሰማም ብዬ መለስኳት።»

«ምን ሆነች?»

«አትጠይቂኝ።»

የማደርገው ቢጠፋኝ የጻፍኳቸውን ገጾች ከመደቡ ላይ አንሥቼ ዘረጋሁላቸው። «ሁሉንም ጽፌዋለሁ» አልኩ። «ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ፣ የእኔ እንደሆነ፣ አንድም ሳልደብቅ።»

ገጾቹን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩዋቸው፤ ጽሑፉን አልነበረም፤ ቆዳውን ነበር። ከዚያ መለሱልኝ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ አስኩ» አሉ። «ለእኔ በአፍሽ ይበቃኝ ነበር። በዚያን ቀን፣ አንዲት ቃል።»

እንዝርታቸውን ወገባቸው ላይ ሻጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙትም። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስኖር እመት ድንቄ በር ሲዘጉ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የተኛ ልጅ ያለበት ቤት ይመስል ቀስ አድርገው ነበር የሚያስጠጉት። ያን ቀን ደፉን ተሻገሩ፣ ዞሩ፣ ሳንቃውን በሙሉ ክንዳቸው ገፉት።

በሩ ሲመታ ሁለመናዬ ዘለለ።